ምድር ባቡርና የዐባይ በረሓ



ባለፈው ወር በዚህ ዐምድ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት በሚሆንበት ጊዜ ስለሚያገኘው ጉልበት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ይኸው ጉልበት ለሰው ልጅ ስላስገኘው ታላቅ አገልጋይ፥ ስለ ምድር ባቡር እንነጋገራለን።

በደብረ ማርቆስ፥ በደጀን፥ በቢቸናና በፍኖተ ሰላም የምትማሩ ብዙዎቻችሁ ባቡርን በሥዕል እንጂ በዐይናችሁ አላያችሁትም። ስለዚህም በክፍል ውስጥ የባቡር ነገር በተነሣ ቍጥር፥ «ባቡር እስከ ድሬ ዳዋና እስከ ጅቡቲ ከሄደ ወደ ጎጃም ስለ ምን አልመጣም?» የሚል ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። አንዳንዱ ሰው ምክንያቱ የመንግሥታት ቸልታ ነው ይላል፤ ሌላው የገንዘብ ማነስ ነው ይላል። በሁለቱም ቃል ውስጥ እውነት ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ከሰው ፈቃድና ከገንዘብ አስቀድሞ የሚቆም አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም በብረትና በዳገት መካከል ያለው ሕግ ነው። ይህን ሕግ የተረዳ ተማሪ ለጥያቄው የሚበቃ መልስ ያገኛል፤ ከማማረርም ወደ ማስላት ይሻገራል።

በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩን ታሪክ ስንናገር ዓመቱን በኤውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ስንናገር በአገራችን አቈጣጠር እንደምንጽፍ ልብ በሉ።

የስሙ ትርጓሜ

ባቡር የሚለው ቃል ወደ ቋንቋችን የገባው ከዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛውም ከኤውሮፓ የተወሰደ ነው። በፈረንሳይኛ «ቫፐር» ማለት እንፋሎት ማለት ነውና። እንግዲህ ባቡር ስንል ሳናውቀው እንፋሎት ማለታችን ነው። አባቶቻችን በሞተር ኃይል የሚሠራውን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር፤ በሐዲድ የሚሄደውን የምድር ባቡር፥ በአየር የሚበርረውን የሰማይ ባቡር አሉት። በገጠራችንም እህል የሚፈጨውን ሞተር ባቡር ብሎ የሚጠራ ሰው እስከ ዛሬ አይጠፋም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ መኪና የሰርኪስ ባቡር ተብሎ ነበር። ሰባራ ባቡር የሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ተሰብሮ ከቀረ እንዲህ ካለ መኪና እንደ ሆነ ይነገራል።

የባቡር አጀማመር

አንድ ሊትር ውሃ ፈልቶ ሲያልቅ 1600 ሊትር ያህል ቦታ የሚይዝ እንፋሎት ይወጣዋል። ይህን ሁሉ እንፋሎት በብረት ጋን ውስጥ ዘግተን ብንይዘው መውጫ ፍለጋ በብርቱ ይገፋል። ይህ ግፊት በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስተን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል፤ ፒስተኑም በብረት ዘንግ አማካይነት መንኰራኵሩን ያዞረዋል።

በዚህ ኃይል በሐዲድ ላይ ጭነት በመሳብ የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነው። በ1804 ዓ.ም. በዌልስ አገር የሠራው ሎኮሞቲቭ 10 ቶን ብረትና 70 ሰዎች ስቦ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ሐዲድ ተሰባሪ ብረት ስለ ነበረ የመኪናውን ክብደት መሸከም ተሳነው። ከመኪናው አስቀድሞ መንገዱ መጽናት እንዳለበት ከዚህ ታወቀ።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጆርጅ ስቲቨንሰን የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበረ። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር፤ ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ ግን መሐንዲስ ለመሆን በቃ። በ1825 ዓ.ም. ከስቶክተን እስከ ዳርሊንግተን የተዘረጋው መስመር በእርሱ መሪነት ተከፈተ። በ1829 ዓ.ም. ደግሞ ከልጁ ከሮበርት ጋር የሠራው «ሮኬት» የተባለው ሎኮሞቲቭ በውድድር አሸነፈ፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ስቲቨንሰን ከመኪናው ይልቅ ስለ መንገዱ አብዝቶ ይጨነቅ ነበር። ሐዲድ በተቻለ መጠን ደልዳላ መሆን እንዳለበት፥ ጥቂት ዳገት እንኳ የሎኮሞቲቩን ጉልበት እንደሚበላ በሙከራ ተረድቶ ነበርና፥ ኮረብታውን እያስቈረጠ ረግረጉን እያስሞላ ሐዲዱን አዘረጋ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙ፤ ወደ ዐባይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ባቡር ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሼፍኖ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በዚያ ጊዜ በእኛ አገር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገና በሕይወት ሆነው ጎጃምን ይገዙ ነበር።

የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበረ። ሐረር ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናትና ባቡር ሌላ ወዴት ይሄዳል? ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል ከ1800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ ግን ከፍታው 1200 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሐዲዱን በዚያ አቀበት ማውጣት ብዙ ድካምና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ከተራራው ሥር ቆመ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተመሠረተች። እርስዋም ድሬ ዳዋ ናት። እንግዲህ ባቡሩ ወደ ከተማዪቱ መውጣት ቢሳነው ሌላ ከተማ ወደ ባቡሩ ወረደች ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ ቀጠለ። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበረ። ከዚያ በፊት በበቅሎና በግመል ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረው የባሕር መንገድ በባቡር ወደ ሦስት ቀን አጠረ፤ ባቡሩም በቀን ብቻ ስለሚሄድ መንገደኛው በድሬ ዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕንጻ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ስለ ተባለ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ለገሃር ይባላል። በ1940ዎቹ ዓመታት በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች በእንፋሎቱ ቦታ መተካት ጀመሩ። ባቡር የሚለው ስም ግን፥ እንፋሎቱ ከቀረ በኋላም፥ ሳይለወጥ ቀረ።

ብረት በብረት ላይ

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። መንኰራኵር በሚንከባለልበት ጊዜ ጥቂት ይጨፈለቃል፤ የሚንከባለልበትም መንገድ ጥቂት ይጐደጕዳል። ይህ ነገር ጉልበት ይበላል። ጎማ ለስላሳ ስለ ሆነ ብዙ ይጨፈለቃል፤ ብረት ግን ጠንካራ ስለ ሆነ የሚጨፈለቀው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ 10 ኩንታል፥ ማለት አንድ ቶን ጭነት፥ በደልዳላ አስፋልት ላይ በከባድ መኪና አንዴ ከተነሣ በኋላ ሳይቆም እንዲሄድ ለማድረግ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ግራም የሚያህል የመሳብ ኃይል ይፈልጋል። በደልዳላ ሐዲድ ላይ ግን 2 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃዋል። አንድ ሕፃን አንድ ጣሳ ውሃ በሚያነሣበት ጉልበት 10 ኩንታል ጤፍ ያንከባልላል እንደ ማለት ነው።

መንኰራኵሩ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ምንድን ነው? በውስጥ በኩል ወጣ ያለ ጠርዝ እንዳለው ታያላችሁ፤ ብዙ ሰዎችም ጠባቂው ይህ ጠርዝ ብቻ ይመስላቸዋል። ዋናው ምስጢር ግን የመንኰራኵሩ ቅርጽ ነው። ፊቱ ከውስጥ ሰፋ፥ ከውጭ ጠበብ ብሎ እንደ ዋንጫ የሾለ ነው። ይህን በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ከሥራቸው ጠበብ ያሉ ሁለት የወረቀት ኩባያዎች አፍ ለአፍ አጋጥማችሁ ለጥፉ፤ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ጎን ለጎን አጋድማችሁ በላያቸው አንከባልሉት። ወደ ግራ ቢያዘነብል በግራ በኩል ሰፊው ክፍል ዘንጉን ስለሚነካ ብዙ ይሄዳል፤ ስለዚህም ራሱን አርሞ ወደ መካከል ይመለሳል። ባቡርም ሾፌሩ መሪ ሳይዝ በዚሁ ዐይነት ራሱን ያቀናል።

ለስላሳነት የሚያስከፍለው ዋጋ

ብረቱ ለስላሳ መሆኑ ለባቡሩ በረከት ነው፤ ድካሙም ከዚሁ ይመጣል። ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቹን መሳብ የሚችለው መንኰራኵሩ ሐዲዱን ቈንጥጦ ሲይዝ ነው። በደረቅ ሐዲድ ላይ ይህ አያያዝ በመንኰራኵሮቹ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ሩብ ያህላል። ሎኮሞቲቩ 100 ቶን ቢመዝን ከ25 ቶን፥ ማለት ከ25 ሺህ ኪሎ ግራም በሚበልጥ ኃይል መሳብ አይችልም፤ ሞተሩ ምንም ቢበረታ መንኰራኵሩ በቦታው ይሽከረከራል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ዝናብ ሲዘንብ አያያዙ ይቀንሳል፤ ስለዚህም ሎኮሞቲቭ አሸዋ ይዞ በመንኰራኵሩ ፊት ይነሰንሳል።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። በደልዳላ ሐዲድ ለአንድ ቶን 2 ኪሎ የሚበቃ ከሆነ፥ 25 ሺህ ኪሎ የሚስበው ሎኮሞቲቭ 12 ሺህ 500 ቶን ያንቀሳቅሳል። ነገር ግን ሐዲዱ በየ1000 ሜትሩ 25 ሜትር የሚወጣ ዳገት ቢሆን፥ የመሬት ስበት ከእያንዳንዱ ቶን ላይ 25 ኪሎ ወደ ኋላ ይጐትታል። ያን ጊዜ ለአንድ ቶን 27 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ሎኮሞቲቩም ራሱን ጨምሮ የሚያወጣው 926 ቶን ያህል ብቻ ይሆናል። ለዐይን ዳገት የማይመስል፥ በቅሎ ሳትታክት የምትወጣው አቀበት የባቡሩን ጭነት ከ13 እጅ ወደ አንድ አወረደው።

ዐባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዐባይ ሲወርድ 1300 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣም የዚያኑ ያህል ይወጣል። ይህን ሁሉ መውረድና መውጣት መኪናው 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ ይጨርሰዋል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መባቻ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ወንዙን መሻገርስ ተችሏል። ባቡሩን የሚያስቸግረው ወንዙ አይደለም፤ በረሓው ነው።

ሐዲዱን በመኪናው መንገድ ላይ ብንዘረጋው ዳገቱ በየ1000 ሜትሩ 65 ሜትር ያህል ይሆናል። ቀድሞ ያልነው ሎኮሞቲቭ በዚህ ዳገት ራሱን ጨምሮ 373 ቶን ያህል ብቻ ያወጣል፤ ቍልቍለቱን ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ያንን ሁሉ ክብደት መግታት ይኖርበታል። ዳገቱን ወደ 25 ሜትር እናሳንሰው ካልን፥ 1300 ሜትር ለመውጣት በአንድ ወገን ብቻ 52 ኪሎ ሜትር፥ በሁለቱ ወገን 104 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገናል። ይህ ሁሉ ሐዲድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ፥ ዋሻ እየተበሳለት፥ ድልድይ እየተሠራለት መሄድ አለበት። በዚያ ላይ በበረሓው ውስጥ መሬቱ የሚንሸራተትበት ቦታ ስላለ የመኪናው መንገድ እንኳ ደጋግሞ ተጐድቷል። ከሸዋና ከወሎ ተነሥተው ዐባይን በእግራቸው ተሻግረው ወደ ዲማና ወደ ዋሸራ የሚመጡ የቅኔ ተማሪዎች የወጡትን አቀበት ብረት የለበሰው ባቡር ሊወጣው አልቻለም።

ይህ ማለት ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ከምጽዋ ተነሥቶ በ1904 ዓ.ም. አስመራ የደረሰውን ሐዲድ አስቡ። ያ ሐዲድ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ብዙ ዋሻዎችና ድልድዮች አሉት። ነገር ግን መስመሩ ጠባብ፥ ባቡሩ ትንሽ፥ ጉዞውም ዝግተኛ ነበረ። በእኛም ዘመን በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መስመር ተራራውን በዋሻ እየበሳ ነው የተሠራው። እንግዲህ ዳገትን ማሸነፍ ይቻላል፤ ዋጋው በስሌት መታወቅ አለበት እንጂ።

ዋጋውን መክፈልስ ይገባል? ይህን ደግሞ እንዲህ አስሉት። በ25 ሜትሩ ዳገት ሎኮሞቲቩ የሚያወጣው ጭነት፥ የራሱና የባዶዎቹ ፉርጎዎች ክብደት ሲቀነስ፥ 500 ቶን ቢሆን 5 ሺህ ኩንታል ነው። ይህም እያንዳንዳቸው 400 ኩንታል የሚጭኑ ከ12 በላይ ከባድ መኪናዎች ጭነት ነው። ለጎጃም ገበሬ የሚመጣው ማዳበሪያ ሁሉ፥ ከጎጃም የሚወጣውም ጤፍና ስንዴ በአመዛኙ ያንን በረሓ የሚያልፈው በመኪና ጀርባ ስለ ሆነ ነገሩ የቤታችሁ ጉዳይ ነው።

ሕጉን የረሳ ጉዞ

የብረት ሕግ በዳገት ብቻ ሳይሆን በኩርባም ይሠራል። ባቡር ወደ ጎን በታጠፈ ቍጥር ክብደቱ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይፈልጋል፤ ሐዲዱ ግን ያጥፈዋል። ይህን የማጠፍ ሥራ የሚጠይቀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ፥ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሶች በኩርባ ላይ የውጭውን ሐዲድ ከፍ አድርገው ይሠራሉ፤ ለሾፌሩም የፍጥነት ወሰን ይሰጡታል።

በጥር 1977 ዓ.ም. ከአዋሽ አጠገብ በኩርባ ላይ ወዳለው ድልድይ የደረሰ የመንገደኞች ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። ፉርጎዎቹ ከሐዲድ ወጥተው ወደ ገደል ወደቁ፤ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከአፍሪካ የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው። በሳይንስ መጽሐፋችሁ «ፍጥነት ሲበዜ» ተብሎ የተጻፈውን አንድ መስመር የፈተና ነገር ብቻ አድርጋችሁ እንዳታነቡት ይህን ነገርኳችሁ። በአዲስ አበባ ዘመድ የምትጠይቁም ከሐዲድ ራቁ፤ ለስላሳው ብረት ፍሬን ከተያዘ በኋላም ባቡሩን ቶሎ አያቆመውም።

የዐባይ ጉልበት

ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው አሮጌው መስመር ሥራውን አቆመ። በምትኩ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የንግድ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። በላዩ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይዟል። በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ የሚሄደው ቀላል ባቡርም በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ነዳጁን ተሸክሞ አይሄድም፤ ጉልበቱን ከሽቦው ይቀበላል። ቍልቍለት ሲወርድም ሞተሩ ተመልሶ ኤሌክትሪክ አመንጪ ሊሆንና ባቡሩን ሊገታ ይችላል። ይህ ለተራራማ አገር የሚስማማ ጠባይ ነው። ኤሌክትሪኩስ ከወዴት ይመጣል? በአገራችን አብዛኛው ከወንዞች ነው። ከጣና ሐይቅ ውሃ የሚቀበለው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዐባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሁሉም ኃይላቸውን የሚልኩት አገሪቱን ወደሚያገናኘው አንድ መረብ ነው። እንግዲህ ባቡሩን ከጎጃም ያገደው በረሓ የዐባይ ሥራ ነው፤ በሌላ ወገን ባቡሩን ከሚስበው ኃይል ውስጥም የዐባይ ውሃ ድርሻ አለበት። ውሃው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ድንጋዩን ቈፍሮ ያንን ገደል የሠራበት ጉልበት ዛሬ ተርባይን ያዞራል።

ልጆቼ፥ ጥያቄያችሁን «ስለ ምን አልመጣም?» በማለት ብቻ አትጨርሱት። «ስንት ኪሎ ሜትር፥ በስንት ዳገት፥ በስንት ዋሻ፥ በምን ያህል ዋጋ፥ ምን ያህል ኩንታል ሊጭን?» ብላችሁ ቀጥሉት። ማንበብ በ18 ዓመቱ የጀመረው የማዕድን ሠራተኛ ልጅ የዓለምን መንገድ የለወጠው እንዲህ እየጠየቀ ነው። ወላጆችም ልጃችሁ ሒሳብ ምን ይጠቅመኛል ብሎ ሲጠይቃችሁ ወደ ደጀን በኩል አመልክቱት።

የወሩ ጥያቄ

በዐባይ በረሓ ዳገቱ በየ1000 ሜትሩ 20 ሜትር እንዲሆን ብንፈልግ፥ 1300 ሜትር ለመውጣት በአንድ ወገን ስንት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል? 25 ሺህ ኪሎ የሚስበው 100 ቶን ሎኮሞቲቭስ ከራሱ ክብደት ሌላ ስንት ቶን ያወጣል? አስባችሁ በደብተራችሁ ሥሩት፤ መልሱን በሚቀጥለው ወር እንሰጣለን።